«የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» ተባልኩ፤ እግዚአብሔር መኖሩን ግን አላውቅም

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ቀኑ ስለደረሰብኝ ዛሬ ልለጥፈው ቆርጫለሁ።

ታናሽ እህቴ ካገባች በኋላ ሰባት ዓመት ልጅ ሳታገኝ ኖረች። በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ተመላለሰች፤ ታኅሣሥ 19 በመጣ ቁጥር ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ትወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ዳገቱን ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ አይቻታለሁ። ስለቷ ጥላ ነበር። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳለች። በቤታችን ሐኪሙም ገብርኤልም እኩል ይመሰገናሉ፤ እናቴ አንዱን ጠርታ ሌላውን ሳትጠራ አትቀርም።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኑን እቅፌ ውስጥ አስገባችና «የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ ገና በሆዷ ሳለ የወሰነችው ነገር ነው። አርባ ቀኑ ሊሞላ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ችግሬ ይህ ነው፦ እኔ እግዚአብሔር መኖሩን አላውቅም። የለም አላልኩም። «የለም» ለማለት የሚያስፈልገውን ያህል እውቀት የለኝም፤ «አለ» ለማለትም እንደዚያው። እንዲህ ያለውን ሰው አግኖስቲክ ይሉታል። ልጅ ሳለሁ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። የክርስትና አባት ሕፃኑን አቅፎ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል አንደበቱ እርሱ ነው። ልጁ ሲያድግ ሃይማኖቱን የማስተማር አደራም የእርሱ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንዴት ልቁም?

አንዳንዶቻችሁ «ፊዚክስ ነው ያጠፋህ» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ዩኒቨርስ ከአንድ እጅግ የታመቀ ጅማሬ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እርሱም ቢሆን ስሌቱ ለእግዚአብሔር መኖር ማስረጃ ተደርጎ እንዲቀርብለት አልፈለገም። ነገሩ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ይህንኑ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ሌላ መልስ መስጠት እችል ነበር፤ በመንፈሳዊም በሳይንሳዊም ቋንቋ አሳምሬ ማለፍ እችል ነበር። ያን ቀን ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ቆሜ ከዋክብቱን እያየሁ፣ ለልጅቷ የመለስኩላት መልስ ለራሴም ሕይወት ያለኝ ብቸኛ የታመነ መልስ እንደሆነ ገባኝ። ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ለምን እንደማልቆርብ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ክርክሮቹን አላነበበም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስልና ኮፕልስተን የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን በእንግሊዝ ራዲዮ ስለዚሁ ጉዳይ ተከራክረው ነበር። ኮፕልስተን በዓለም ያለው ነገር ሁሉ ለመኖሩ ምክንያት የሚሆነው ከራሱ ውጭ ያለ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ የሁሉም መደገፊያ የሆነ፣ በራሱ የሚኖር አንድ አካል ሊኖር ግድ ነው አለ። ራስል ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እናት ስላለው የሰው ዘር በጠቅላላው አንዲት እናት አለችው ማለት አይደለም ሲል መለሰለት። እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ ሁልጊዜ የሚረታኝ መጨረሻ ያነበብኩት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእህቴ ቤት ሦስተኛው አጥር ያለች ሴት ቁልቢ አብራት ትወጣ ነበር። ስለቷ ያው ነው። ሐኪሟም ያው ነው። እስከ ዛሬ አልወለደችም። የእህቴ ልጅ ጸሎት ለመሰማቱ ማስረጃ ከሆነ፣ የዚያች ሴት ባዶ እቅፍ ለምን ማስረጃ ይሁን?

እንግዲህ ምክር ስጡኝ። ቆሜ «አምናለሁ» ብል በሰው ፊት እዋሻለሁ፤ እርሱም ካለ በእርሱ ፊት። አይሆንም ብል የእህቴን ደስታ እሰብራለሁ። ስድብ ካለ ታግሼ አነባለሁ፤ ግን ምክር ይቅደም።

ዲያቆን፣ ሰሜን ሸዋ

ወንድሜ፣ በግልጽ መናገርህን አከብራለሁ። ስለዚህ እኔም በግልጽ ልንገርህ፦ አትቁም። የክርስትና አባትነት ለዘመድ የሚሰጥ የክብር ወንበር አይደለም። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው «አባቴ፣ እግዚአብሔር ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው አንተ ነህ። ያን ጊዜ ለተማሪህ የመለስከውን ልትመልስለት ነው? እንደ መምህር መልስህ ታማኝ ነው፤ ለክርስትና አባት ግን አይበቃም።

ነገር ግን ራስህን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አታውጣ። በዳግም ትንሣኤ የሚነበበውን የቶማስን ታሪክ ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው መጠራጠሩን ነው። እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነው፦ «ካላየሁ አላምንም» ብሎም ከስምንት ቀን በኋላ ከወንድሞቹ ጋር በቤት ውስጥ ነበር። እነርሱ አላባረሩትም፤ እርሱም ጥሏቸው አልሄደም። ጌታ ሲመጣ ያገኘው እዚያው ነው። ስድስት ዓመት ብቻህን ደጅ ከቆምክ የንስሐ አባትህን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አነጋግራቸው። አይበሉህም።

አንድ አንባቢ

መጽሐፍ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብሏል። ሌላ ምን ምክር ያስፈልግሃል?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ጥቅሱን አውቀዋለሁ። «የለም» አላልኩም። ብዬ ቢሆን ኖሮ እዚህ መጥቼ አልጠይቅም ነበር፤ የሌለን ነገር በመዋሸት ማን ይጨነቃል? ያስጨነቀኝ ሊኖር መቻሉ ነው።

ዲያቆን፣ የልጁ ጥያቄ ያልከው እንቅልፍ ነሥቶኛል። አመሰግናለሁ።

ፍልስፍና የማስተምር፣ አዲስ አበባ

ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው «አግኖስቲክ» የሚለውን መንታ መንገድ ላይ የተኛ ሰው አድርጎ ያስበዋል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በመስከረም 1860 ገና አራት ዓመት ያልሞላው የበኩር ልጁ ኖኤል በቀይ ትኩሳት ሞተበት። ወዳጁ ቻርልስ ኪንግስሊ ቄስ ነበርና የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሃክስሊም ረጅም መልስ ላከለት። የነፍስን ዘላለማዊነት አልክድም፣ አላረጋግጥምም፤ ለማመን ምክንያት አላገኘሁም፣ ሐሰት መሆኑንም የማሳይበት መንገድ የለኝም አለው። በቀብሩ ላይ ቄሱ «ሙታን የማይነሡ ከሆነ እንብላና እንጠጣ» የሚለውን ሲያነብ እጅግ እንደቆሰለም ጻፈለት። ልጄን ስላጣሁና ተስፋው ስለሌለኝ እንስሳ ልሁን ማለት ነው? ብሎ ነው የጠየቀው። ይህን የማነሣው «አላውቅም» ማለት ከግዴለሽነት የመጣ ለሚመስላቸው ነው። ያ ሰው የልጁ መቃብር ላይ ቆሞ እንኳ የሚያጽናናውን ነገር «አውቃለሁ» ማለት አልሆነለትም።

ስለ ጎረቤታችሁ ያነሣኸው ጥያቄም አዲስ አይደለም። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ሲሴሮ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፦ ዲያጎራስ የሚባለውን ግሪካዊ ወዳጁ ወደ መቅደስ ወስዶ፣ ከባሕር ማዕበል ተርፈው ስለታቸውን ያስገቡ ሰዎች የሰጡትን ሥዕሎች አሳየው። «አማልክት ስለ ሰው ግድ የላቸውም ትላለህ፤ ይህን ሁሉ አታይም?» አለው። ዲያጎራስም «የሰመጡት ሰዎች ሥዕል ግን የት አለ?» ብሎ መለሰ። ቁልቢ ላይ የምናየው ጥላ ሁሉ የተረፉት ሥዕል ነው።

እኛም ዘንድ ይህ ጥያቄ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። «ሐተታ» በተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ላይ ዘርዓ ያዕቆብ (ፈላስፋው እንጂ ንጉሡ አይደለም) ከስደት ሸሽቶ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። በጸሎት መካከል «የሚሰማኝ አምላክ አለን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ጥያቄው ግን በግእዝ ተጽፎ ከፊታችን አለ። እርሱ ከጥርጣሬው የወጣው በዳዊት ቃል ነው፦ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» እኔ በዚህ መከራከሪያ ሙሉ በሙሉ አልረካም። የጠየቀው በጸሎቱ መካከል መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ፤ ጸሎቱን እስኪጨርስ አልጠበቀም፣ ጥያቄውን ፈርቶም አልተወውም።

ለመምህሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን» ብሎ ይጀምራል፤ «ናአምር» አይልም። እናምናለን እንጂ እናውቃለን አይደለም። ደግሞም በብዙ ቁጥር ነው። አንተ ባታውቅም፣ ከሚያምኑት መካከል ቆመህ ከእነርሱ ጋር «ነአምን» ብትል በእርግጥ ውሸት ነውን?

ከጅዳ፣ የደሴ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ስለ ክርስትናው ሥርዓት አስተያየት አልሰጥም። ግን ጽሑፍህን ሳነብ ነቢዩ ኢብራሂም ትዝ አሉኝ፤ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን። «ጌታዬ ሆይ፣ ሙታንን እንዴት ሕያው እንደምታደርግ አሳየኝ» ብለው ጠየቁ። «አላመንክምን?» ተባሉ። «አምኛለሁ፤ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው» አሉ። አላህ በመጠየቃቸው አልተቆጣቸውም፤ አሳያቸው። የሳቸው ጥያቄ ካንተ እንደሚለይ አውቃለሁ፤ እሳቸው አምነው ነው የጠየቁት። ብቻ የልብ መርጋት ተለምኖ የሚገኝ ነገር መሆኑን ከዚያ ተምሬአለሁ። እኛ ወሎዬዎች በአንድ ቤት መስቀልም መስገጃም ይዘን ያደግን ነን፤ እህትህ ከአፍህ ከሰማችው ትረዳሃለች ብዬ አምናለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የደሴዋ እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ።

ፍልስፍና ለሚያስተምሩት፦ የ«ነአምን» ነገር ልቤን ነክቶታል። እንዳልቀበለው የሚያደርገኝ አንድ ምክንያት አለኝ። በቅዳሴ መካከል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲል እኔም ብቀላቀል እርስዎ እንዳሉት ይሆን ይሆናል፤ ለቅሶ ላይ አብሮ እንደማልቀስ። በክርስትናው ቀን ግን ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ሕፃኑ በእኔ እቅፍ ነው፣ ወደ ምሥራቅ የሚዞረው የእኔ ፊት ነው። በዚያች ሰዓት ብዙ ቁጥሩ ውስጥ መደበቅ የምችል አይመስለኝም።

እናት፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፤ የእህቴ ልጅ እየጻፈችልኝ ነው። የምለውን ሁሉ እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ።

ፍልስፍና የሚያስተምሩት ሰውዬ የሰመጡት የት አሉ ብለዋል። እዚህ አለን። እኔ የቁልቢን ዳገት አሥራ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ለእኛ ቅርብ ነው፤ አንዳንዴ ሐምሌም እሄድ ነበር። ልጅ አልወለድኩም። አሁን ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ሦስት ዓመት ትቼው ነበር። ተቆጥቼ ነው የተውኩት። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ በሬን ዘግቼ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ፣ ሰው ሲዘምር እሰማለሁ። ለባሌ ወገቤን አሞኛል እለው ነበር። ያን ጊዜ ሰው «አምላክ አለ?» ቢለኝ ምን እንደምል አላውቅም። ቢኖር ይሻላል ወይስ ባይኖር፣ እሱንም አላውቅም ነበር። ካለና ካልሰማኝ ይከፋል።

በአራተኛው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ስለቷን ልታስገባ ስትሄድ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው አጣችና መጥታ ለመነችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ዳገቱን ስንወጣ ልጁ ደረቴ ላይ ተኛ። ፀሐይ ነበር፤ በነጠላዬ ከለልኩት። እዚያው እየሄድኩ አለቀስኩ፤ ይዤው የኖርኩት ቁጣ የለም። የት እንደሄደ አላውቅም። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ አንተም የተማርክ ሰው ነህና ማስረጃ ነው ብለህ አትጻፈው። እኔ የሆነውን ነው የነገርኩህ። ከዚያ ወዲህ የአራት ሴቶች ልጆች የክርስትና እናት ሆኛለሁ። ከአራቱ አንዷ ናት አሁን ይህን የምትጽፈው።

ስለ አንተ ጉዳይ፦ ዲያቆኑ እውነቱን ነው፤ የማታምነውን አትማል። ግን ሌላ ነገር ልንገርህ። እህትህን የምትፈራላት ደስታዋን እንዳትሰብር ነው አይደል? እኔ እነዚያን ዓመታት አውቃቸዋለሁ። በየወሩ ክፉ ወሬ ትሰማለህ፤ ከሐኪም ትሰማለህ፣ ከራስህ አካል ትሰማለህ። ሰባት ዓመት ይህን የተሸከመች ሴት ከወንድሟ አንድ እውነት መስማት ያቅታታል? ወዲያው ንገራት። ቀኑ ደርሶ ካህኑ ፊት ስትቆሙ እንዳይሆን። ያቺ ጎረቤታችሁንም ጠይቃት። ልጅ የወለዱ ሰዎች ቤት ግርግር ሲበዛ የእኛ ቢጤዋ ጓዳ ገብታ እቃ ታጥባለች፤ ማንም አያያትም።

ዲያቆን፣ ሰሜን ሸዋ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ለወንድሜ ግን አንድ ቦታ ልጠቁመው፦ ማርቆስ ምዕራፍ ዘጠኝ። ልጁ መናገር አይችልም፤ ድዳ መንፈስ ይዞታል። ስለ እርሱ የሚናገርለት አባቱ ነው። አባቱ ያለው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው። ትናንት «አትቁም» ስልህ ይህን ቦታ አላሰብኩትም ነበር። አሁንም ቃሌን አላጠፍኩም፤ ነገር ግን ይህን አንብበህ የንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ።

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ አሁን አሥር ቀን ቀርቷል።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። እያጠባች ነበር። የድሬዳዋዋ እናታችን እንደመከሩኝ፣ ምንም ሳላስጌጥ ነገርኳት፦ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ አላውቅም፣ የለም ግን አላልኩም፣ በልጅሽ ስም ልዋሽ አልችልም። ዝም አለች። ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረችው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ታዲያ ያን ሁለት ጊዜ ቁልቢ ለምን አብረኸኝ ወጣህ?»

«ብቻሽን እንዳትወጪ ብዬ» አልኳት።

አለቀሰች። ተቆጥታም ነበር፤ አልደብቃችሁም። «ስድስት ዓመት ከእኔ ደበቅህ» አለችኝ። ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። ሁለት ቀን ስልክ አላነሣችልኝም። ትናንት ባሏ ደውሎ የእርሱ ወንድም የክርስትና አባት እንዲሆን መስማማታቸውን ነገረኝ። ወላጅ እናቴ ገና አልሰማችም፤ ቅዳሜ እኔው ሄጄ እነግራታለሁ።

ዲያቆን፣ ያልከኝን ቦታ አንብቤዋለሁ። «አምናለሁ» የሚለውን የመጀመሪያ ቃል እንደዚያ አባት ማለት አልቻልኩም። ሁለተኛውን ግን፣ «አለማመኔን እርዳው» የሚለውን፣ ማለት እንደምችል አየሁ። ወደ ማን እንደተናገርኩት ሳላውቅ አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ብየዋለሁ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ከክርስትናው በኋላ ለመሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ።

የድሬዳዋዋ እናቴ፣ ጎረቤታችንን ሐሙስ ሄጄ ጠየቅኋት። ቡና አፈላች። ስለ ልጅ አላነሣንም፤ ስለ ከብቶቿና ስለ ብርዱ ስናወራ ቆየን። ስወጣ «ደግሞ ና» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት እህቴ ራሷ ደወለች። ስለ ክርስትናው አንድም ቃል አልተናገረችም። «ታኅሣሥ ጥላዬን ላስገባ ስሄድ ትመጣለህ?» አለችኝ። ልጁን ማን ይይዝልኛል ነው ነገሩ። «እመጣለሁ» አልኳት።